ጥቁሯ አልኮል አትቀምስም

ላውረል ፎርክ፣ ቴነሲ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2012

ለወንድሜ የልጅ ልጅ ለዴሊያ፣ ባሕር ማዶ ጀርመን አገር ላለሽው፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የአባቶችሽ አምላክ ስትወጪ ከፊትሽ፣ ስትገቢ ከኋላሽ ይሁን። እኔን የጠየቅሽ እንደሆነ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ስቀመጥ ነው፤ ስለዚህ አልቀመጥም።

እጄ ለጽሕፈት እንዳልተፈጠረ ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤት የዋልኩት የእንጨት መሰንጠቂያው ሥራ እስኪሰጠኝ ድረስ ብቻ ነው። ፊደሉ ከተንጋደደ አንቺ አቃንተሽ አንብቢው።

ጥቁሯ መኪናዬ ደህና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሥቻት እስከ ድልድዩ ደርሰን እንመለሳለን። ባለፈው መኸር መጥተሽ ሞተሯን የምታዝዘውን ያቺን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቺፕ ቀይረሽ እሳቷን ካሳደግሽላት ወዲህ ልጅ ሆናለች። የዲያቆን ክላይድ ልጅ በዚያ ቤት በሚያክለው ፒካፑ ሜዳው ላይ ሊቀድመኝ ሞከረ። ሞከረ ነው ያልኩሽ። ዲያቆኑ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጠብቆ፣ «ወንድም ሆባርት፣ ሰማንያ አንድ ዓመትህ እኮ ነው» አለኝ። «እሷ ግን ገና ሃያ አምስቷ ነው፣ እኔ እንዴት አድርጌ ልያዛት» አልኩት።

አሁን የምነግርሽ ነገር አለ። ሩል መስቀለኛ መንገዱ ላይ ያለውን የነዳጅ ማደያውን አበላሽቶታል። አንቺ 93 ብለሽ በነዳጅ ክዳኗ ላይ የለጠፍሽው ቤንዚን ድሮ ንጹሕ ነበር። አሁን የበቆሎ አልኮል ጨምረውበታል፤ ከመቶ አሥር እጅ ይላል ማሽኑ ላይ የተለጠፈው። አክስትሽን ኢውላን ሳገባ አባቷ በመጠጥ የሞተ ሰው ስለነበር፣ እጄን መጽሐፍ ላይ አስጭና በገንዘቤ አልኮል እንዳልገዛ አስምላኛለች። «አትጠጣ» አይደለም ያለችኝ። «አትግዛ» ነው ያለችኝ። እሷ ከተቀበረች ቆየች፤ መሐላው ግን አልተቀበረም። ስለዚህ ጥቁሯ አልኮል አትቀምስም።

ደግነቱ ሩል ጥግ ላይ ባለ ቀይ እጀታ ሌላ ማሽን ተክሏል። «ፕሪሚየም፣ ንጹሕ፣ አልኮል የሌለበት» ይላል። ሩል ለጀልባና ለሣር ማጨጃ ነው አለኝ። «የሣር ማጨጃ ንጹሕ ሲጠጣ የእኔ መኪና ምን በደለች?» አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቀዩ ነው የምሞላት።

በሜይ ሦስተኛው እሑድ፣ መቃብር በምናስጌጥበት ቀን፣ እንደ ዓመቱ ሁሉ እህት ዜልማንና እህት ቨርዲን ይዤ የበክሆርንን ዳገት እወጣለሁ። የሁለቱም ባሎች እዚያ ከኢውላ ጎን ነው የተቀበሩት። አበባውን ዜልማ ከወዲሁ እየሠራች ነው።

አንቺስ መቼ ትመጫለሽ? እዚያ አገር ስላለው መኪና ጻፊልኝ።

አጎትሽ ሆባርት



ኮሎኝ አጠገብ
ማርች 11 ቀን 2012

ለተወደዱት አጎቴ ለሆባርት፤

ሰላም ለቤትዎ፣ ጤና ለጉልበትዎ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ሞተር በሚጮህበት ክፍል ውስጥ በመስታወት ጀርባ ተቀምጬ መሣሪያ አነባለሁ፤ ምሳ ላይ ድንች፣ ማታ ላይ ድንች። ሰው ሁሉ ትሑት ነው፤ የሚያሾፍብኝ ግን አጣሁ። የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

አጎቴ፣ ስለ ንጹሑ ቤንዚን የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩ። ከማንም ጋር ቢከራከሩ ግማሹን እርስዎ ይረታሉ። አልኮል ውኃ ይስባል፤ ክረምቱን ሙሉ ጎተራ ውስጥ ለሚቆም መኪና ንጹሑ ይሻላል። የአክስቴንም መሐላ አከብራለሁ፤ የዚህን ያህል የጸና ሰው ሌላ አላውቅም።

ግማሹ ግን ያሳስበኛል። እባክዎ ቀዩ ማሽን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ይጻፉልኝ። ቁጥሩ ስለ ንጽሕና አይደለም የሚናገረው። ቤንዚኑ ሲታመቅ፣ ካንዴላው ሳያዝዘው በራሱ ጊዜ ከመፈንዳት ምን ያህል እንደሚታገሥ ነው የሚናገረው። እኔ ያን ቺፕ የጻፍኩት የ93ን ትዕግሥት ይዤ ነው። ቱርቦው አየር የሚገፋው፣ ካንዴላው የሚለኩሰው በዚያ ልክ ነው። ትዕግሥቱ ያነሰ ቤንዚን ከገባባት ሜዳ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ጉዱ የሚመጣው ዳገት ላይ፣ በሙቀት ቀን፣ ሰው ሲጫን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ድልድዩን አልፈው ያለችውን አቀበት ሲወጡ ድምፅዋ እንዴት ነው? ጠጠር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ የመሰለ ነገር ካለ ወዲያው እግርዎን ከነዳጁ ያንሡ።

ዲያቆን ክላይድን ሰላም ይበሉልኝ። ለልጁም አዝንለታለሁ ይበሉልኝ።

እግርዎን የምትስም ዴሊያ



ላውረል ፎርክ
ኤፕሪል 2

ለዴሊያ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ፈጣሪ ካንቺ ጋር ይሁን። ድንች እየበላሽ መሆንሽን ሰምቼ አዘንኩ፤ እዚህም ድንች ነው፣ ግን የራሳችን ነው።

መልሴ የዘገየው ድንች ስተክል ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ቁጥሩን ጠይቀሽኛል። ዘጠና ነው። ቁጥሩ በትንሹ ነው የተጻፈው፤ ፕሪሚየም የሚለው ግን በመዳፍ ልክ ነው። ፕሪሚየም ማለት ምርጥ ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። በዘጠናና በዘጠና ሦስት መካከል ያለው ሦስት ብቻ ነው፤ ሦስት ደግሞ በምንም ነገር ውስጥ ብዙ ሆኖ አያውቅም። እኔ ቤንዚን ስቀዳ አባትሽ ዳዴ ይል ነበር።

ድምፅዋን ጠይቀሽኛል። ድምፅዋ እንደሚሆነው ነው። ሞተር ደግሞ ዱሮም የሚታወቀው በእጅ ነው። ኮፈኑ ላይ መዳፌን አሳርፋለሁ፣ እሷም ትነግረኛለች። ደህና ናት።

ስለ ድምፅ ካነሣሽ፣ አዲሱን ፓስተር፣ ያንን ጺም ያላወጣውን፣ ባለፈው ረቡዕ ከጸሎት በኋላ ቤቱ አደረስኩት። አቀበቱ ላይ ፊቱን ቋጠረና የሆነ ነገር አለ። «ምን?» አልኩት። ደገመው። እነዚህ የዛሬ ልጆች አፋቸው ውስጥ ነው የሚያወሩት፤ ስብከቱም እንደዚያው ነው። «አሜን» አልኩት። ሲወርድ በሩን ቶሎ ነው የዘጋው።

እዚያ ጥሩ ካንዴላ ካለ ስድስት ላኪልኝ። ባለፈው ሳምንት ፈትቼ አየኋቸው። ነጩ ሸክላቸው ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስላል። አንዳንዱ ነጥብ ጥቁር ነው፣ አንዳንዱ ግን ብርማ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሳዞረው ያብለጨልጫል። የሩል ቤንዚን ንጹሕ ቢሆንም ትንሽ ጥቀርሻ ሳይኖረው አይቀርም። በጨርቅ ጠርጌ መልሼ አስገብቻቸዋለሁ።

ዜልማ አበባውን ጨርሳለች፤ ሮዝና ቢጫ ነው። ቨርዲ የዘንድሮውን ዶሮ እኔ እጠብሳለሁ ብላለች፤ ዜልማ ተቀይማታለች። ሌላ ወሬ የለም።

ሆባርት



ኮሎኝ አጠገብ
ኤፕሪል 12 ቀን 2012

ለአጎቴ ለሆባርት፣ ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ከሥራ ቀርቼ ነው የምጽፍልዎ።

ያ ብርማ ነጥብ ጥቀርሻ አይደለም። ፒስተኑ ነው።

የፒስተኑ ራስ አሉሚኒየም ነው። ቤንዚኑ ሳይታዘዝ በፈነዳ ቁጥር እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ እየተፈረፈረ፣ እየቀለጠ ካንዴላው ላይ ይረጫል። እርስዎ በጨርቅ የጠረጉት የራስዎን ሞተር ነው። እዚህ ይህን ስናይ ሞተሩን በዚያው ደቂቃ እናጠፋለን፤ አለቃዬ ፎቶ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

የቀረው ነገር ምን ያህል እንደሚቆይ አላውቅም። ድልድይ ደርሶ ለመመለስ ይቆይ ይሆናል። ለበክሆርን ግን አይሆንም። ያንን ዳገት አውቀዋለሁ፤ ግራው ግድግዳ፣ ቀኙ ገደል ነው። ሞተሩ እዚያ ላይ ቢሞት ፍሬኑ አንዴ ሁለቴ ይታዘዝልዎና ከዚያ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። ከኋላ ሁለት አሮጊቶች ተቀምጠው።

መሐላዎን ያፍርሱ አልልም። ሦስት መንገድ አለ። ከተማው ዳር በመኪና ውድድሩ ሜዳ አጠገብ ባለው ሱቅ በጣሳ የሚሸጥ፣ አልኮል ጠብታ የሌለበት የውድድር ቤንዚን አለ፤ ቁጥሩ መቶ ነው። ከቀዩ ጋር እኩል ቢያደባልቁት በቂ ነው። ወይም ከዚህ ጋር የላክሁትን ቺፕ ያስገቡ፤ ለዘጠና ብዬ ዛሬ የጻፍኩት ነው። ጉልበቷ ይቀንሳል፤ ግን ትኖራለች። ቦታውን ያውቁታል፣ ስቀይረው የእጅ ባትሪ ይዘውልኝ ነበር። ሦስተኛው መንገድ እስክመጣ ማቆም ነው። ካንዴላ አልልክም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን ደግሞ መጻፍ የምፈራውን ልጻፍ። ባለፈው እሑድ ደወልኩልዎ። «አጎቴ፣ ዳገት ላይ ይንጣጣል ወይ?» አልኩ። «አዎ፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፤ ድንቹም ገብቷል» አሉኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። «ዜልማም ደህና ናት» አሉ። በሦስተኛው «አንቺንም ይባርክሽ» ብለው ዘጉት።

ያ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መጋዝ አጠገብ የቆመ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ያለውን ነው። አጎቴ፣ አይሰማዎትም አይደል?

የምትወድዎ ልጅዎ ዴሊያ



ላውረል ፎርክ
ኤፕሪል 30

ዴሊያ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላም ነኝ።

ጆሮዬ ደህና ነው። ስልኩ ነው የተበላሸው። ሰዉም ያጉረመርማል።

ቺፑን አየሁት። ያቺን መኪና በቅሎ አላደርጋትም። ከተማ ዳር ድረስ ሄጄም በጣሳ ቤንዚን አልለምንም። የሩል ማሽን ፕሪሚየም ይላል፣ ንጹሕ ይላል፣ እኔም ማንበብ እችላለሁ። ለምን ብለሽ ነው በባሕር ማዶ ተቀምጠሽ የእኔን ሞተር የምታዪው?

ወንድም ፍሎይድን ታስታውሺዋለሽ፤ ከእኔ ጋር ግንድ ይሰነጥቅ የነበረውን። ልጆቹ ጆሮው ሄዷል አሉ። መጀመሪያ ቁልፉን ወሰዱ። «ለራስህ ብለን ነው አባዬ» እያሉ። ቀጥሎ መጥረቢያውን። ቀጥሎ ቤቱን። አሁን ያለው ከወንዙ ማዶ ባለው የሽማግሌዎች መጦሪያ ነው፤ እዚያ ሰው ሁሉ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይታጠባል። ልጠይቀው ስሄድ ባሕር የተሳለበት ትልቅ ሥዕል ፊት ለፊት አስቀምጠውታል። ፍሎይድ ባሕር አይቶ አያውቅም። «ምን ታያለህ?» አልኩት። «የሚወስዱኝን» አለኝ። ወይ እንደዚያ ያለኝ መሰለኝ።

ልጄ ሬይ ኖክስቪል ባለው ቤቱ ክፍል አሰናድቻለሁ ይላል። መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ አይቼዋለሁ። ለሬይ ትንፍሽ ብትይ ወረቀቴን ከእንግዲህ አታዪም።

በክሆርንን እወጣለሁ። ኢውላ እየጠበቀችኝ ነው።

ሆባርት



ኮሎኝ አጠገብ
ሜይ 10 ቀን 2012፣ በፈጣን ፖስታ

አጎቴ ሆባርት፣ ፈጣሪ ይህን ወረቀት ከመቃብር ማስጌጫው እሑድ በፊት ያድርስልኝ፤

ለሬይ አልነገርኩም። ለዜልማ ግን ደወልኩ። ይቆጡ፤ ይህን ያህል ከፈራሁ ቁጣዎን አልፈራም። የተባባልነውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

«እህት ዜልማ፣ አጎቴ መስማት እንደተሳነው ያውቃሉ?» አልኳት።

«ልጄ፣ የማያውቅ አለ እንዴ?» አለችኝ። «ዘማሪው ካቆመ በኋላ እሱ አንድ ስንኝ ብቻውን ይዘምራል። ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። ፒያኖ የምትመታዋ ልጅ እንኳ አሁን አሁን ትጠብቀዋለች።»

«ለምን አልነገራችሁትም?»

«ማን ይንገረው? አንቺ ነገርሽው አይደል፤ ምን አተረፍሽ?»

«መኪናውስ ዳገት ላይ ሲንጣጣ ይሰማችኋል?»

«እንደ ፋንዲሻ ነው። ቨርዲ ‹ቅቤና ጨው ይዤ ልምጣ እንዴ› ትላለች።»

«እህት ዜልማ፣ ሞተሩ ሊፈነዳ ነው። በክሆርን ላይ ከሆነ ገደል ነው። በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ሂዱ።»

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ዴሊያ፣ እኛ ካልተሳፈርን ብቻውን ነው የሚሄደው። እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ቢያንስ እኛ ስንኖር ቀስ ይላል።»

አጎቴ፣ እነዚያ ሁለት ሴቶች አያምኑዎትም፤ ይወዱዎታል እንጂ። አውቀው ነው የሚሳፈሩት። ይህን እያወቁ ሊጭኗቸው ነው?

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ከጁን በፊት አልሰጡኝም። ሌሊት ሌሊት ያ ዳገት እየመጣብኝ ነው። ስለ ቤንዚኑም ስለ ጆሮዎም አልከራከርም፤ ትክክል ነዎት ይሁን። ኢውላ አትሄድም፤ ያለችበት ናት። ያን እሑድ ብቻ እንደ ሌላው ሰው ተጭነው ይውጡ። ለመንኩዎት።

ዴሊያ



ላውረል ፎርክ
ሜይ 24

ለልጄ ለዴሊያ፤

የላይኛው ጌታ በጤና ያቆይሽ። እኔ አለሁ። ዜልማም አለች። ቨርዲም አለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ልብሽ እንዲያርፍ ነው።

በፈጣን የላክሽው ወረቀት የደረሰኝ ማክሰኞ ነው፤ እሑዱ ካለፈ በኋላ። ፖስተኛዋ ፊርማ ጠየቀችኝ። ፈረምኩና እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ አነበብኩት።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ሩል ጋ ሄጄ ከቀዩ ሞላሁ። እጀታውን ይዤ ስቆም አልፈራሁም አልልሽም። ያንቺ «ፒስተኑ ነው» የምትለዋ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ነበር የምታድረው። ግን እጄ ሥራውን ያውቃል፤ ሞላ።

ቀኑ ገና ከጠዋቱ ያቃጥል ነበር። ዜልማና ቨርዲ ከኋላ ተቀመጡ፤ ከፊት ወንበሩ ላይ አበባው ነው። የዶሮው ጥብስና ኬኩ በጉልበታቸው ላይ ነው። እስከ ወንዙ ድረስ ጥሩ ሄድን። የበክሆርን መጀመሪያ ላይ ነዳጅ ጨመርኩባት፤ እሷም አንቺ እንዳደረግሻት ጀርባዬን ይዛ ገፋችኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምጽፍልሽ፣ ደስ አለኝ።

እኛ ያንን ዳገት ሁልጊዜ እየዘመርን ነው የምንወጣው። ዜልማ ታስነሣለች፣ እኛ እንከተላለን። ሁለተኛው ጠምዛዛ ላይ በመስታወቱ አየኋቸው። አፋቸው ሰፊ ሆኖ ተከፍቷል፣ የዜልማ የአንገት ሥር ተገትሯል። ቨርዲ እጇን ወደ ላይ አንሥታለች። ቨርዲ መንፈስ ሲነካት እንደዚያ ታደርጋለች። የትኛው መዝሙር እንደሆነ አልገባኝም። እንዳያፍሩብኝ የምወደውን አነሣሁና እኔም ጮክ ብዬ ዘመርኩ። እግሬን ደግሞ ከነዳጁ ላይ አላነሣሁም፤ ለመዝሙሩ ብዬ እንዲያውም ተጫንኩት።

በእግሬ መዳፍ ነው የተሰማኝ። ከሥር አንድ ነገር መታኝ፤ ግንድ ላይ የወጣሁ መሰለኝ። ከዚያ ጭስ ኮፈኑን ሸፈነው፣ ሰማያዊ ነው። መብራቱ ሁሉ ቀይ ሆነ። ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ታዘዘኝ። ደግሜ ረገጥኩ፣ እንዳልሽው ድንጋይ ሆነ። መኪናዋ ቆመች፣ አንድ ጊዜ አሰበች፣ ወደ ኋላ መውረድ ጀመረች።

ዴሊያ፣ ወደ ኋላ ስትወርጂ ገደሉ በመስታወቱ ነው የሚታየው። ከሁለቱ ሴቶች ራስ መካከል ሰማይ ብቻ ነበር። ዛፍ እንኳ የለበትም። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ያዝኩት፤ ይፋጫል እንጂ አይዝም። መሪውን በሁለት እጄ፣ በደረቴም፣ ገፋሁት፤ ያ መሪ የዚያን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ኋላዋ ወደ ግድግዳው በኩል ዞረ። ድንጋዩን መታች። ቆመች። የቀኝ የፊት ጎማዋ መንገዱን ለቆ አየር ላይ ነበር፤ ከወረድኩ በኋላ አየሁት፣ እየዞረ።

የቨርዲ የእጅ አንጓ ተሰብሯል። የዜልማ ግንባር ሦስት ስፌት አለበት። እኔ ምንም አልሆንኩም። ምንም አለመሆኔ ነው እንቅልፍ የከለከለኝ።

የክላይድ ልጅ ከኋላችን ይመጣ ነበርና በፒካፑ ወሰደን። አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ተናግሮኝም ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ጥቁሯን ጎትቶ ጎተራ አስገባት። የሞተሯን ክዳን፣ ቴስታታዋን፣ ፈትቼ አየሁ። አራተኛው ፒስተን ላይ አውራ ጣቴ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ጠርዙ እንደ ሻማ ቀልጦ ፈስሷል። ያልሽኝ ሁሉ እንዳልሽው ነው። ስለ አልኮሉ ግን አሁንም አልተስማማንም፤ እሱን አትንኪብኝ።

ሰኞ ዜልማን ልጠይቃት ሄድኩ። አበባ አልያዝኩም፤ አበባው ሁሉ በክሆርን ላይ ቀርቷል። በረንዳዋ ላይ ተቀመጥን። «መዝሙሩ የትኛው ነበር?» አልኳት። አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «አልሰማሁሽም» አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ቃል ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ «ምን?» ነው የምለው፣ ጥፋቱ የእሱ እንዲሆን። ተነሥታ መጣች። አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች፤ ትንፋሿ ይሞቃል።

«መዝሙር አልነበረም» አለችኝ። «ስምህን ነበር የምንጠራው። ሆባርት፣ ሆባርት፣ አቁም። ከወንዙ ጀምሮ።»

«እኔ ዘመርኩ» አልኳት።

«አዎ» አለች። «ቨርዲ ያኔ ነው መጮህ ትታ መጸለይ የጀመረችው።»

ሬይ ቅዳሜ ይመጣል። ማን እንደነገረው እንዳትጠይቂ፤ እኔ ነኝ ያስነገርኩት። ዜልማ ናት በእኔ ፈንታ ስልኩን የያዘችው፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምትለውን በአፏ እያየሁ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬለታለሁ። ስለ ቤቱ ምን እንደሚል አላውቅም። ከወንዙ ማዶ ያለውን ያንን የባሕር ሥዕል እያሰብኩ ነው የማድረው።

በጁን እመጣለሁ ብለሻል። እስከዚያ እዚሁ ከሆንኩ በሩ አይቆለፍም። ደጅ ቆመሽ አትጣሪ። ግቢና ፊት ለፊቴ ቁሚ፣ እንዳልደነግጥ።

ሆባርት